የክምሩ ሸራ

«የአውሮፕላኑን በር ማን ይከፍትልሃል? ሰማይ ላይ እኮ ነህ፣ ረዳቱን ወራጅ አለ አትለው» አለ ተስፋው።

እጅጉ ግን ለያንዳንዱ ተሳፋሪ ፓራሹት ከታደለ በሩ እንደምንም ይከፈታል፣ ሰው ነፍሱን ያድናል እያለ ድርቅ አለ። ለሱ ነገሩ የጠላ ቤት ጨዋታ አልነበረም። ሽማግሌ ልኮ መልሷን የሚጠብቃት እስከዳር፣ የዚሁ የተስፋው እህት፣ በመጪው ሳምንት አረብ አገር ልትበር ነው። አውሮፕላን ሲከሰከስ ስልክ ላይ ካየ ወዲህ እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም። ፓራሹት ካልሰጧት አትሳፈርም እያለ የማንኩሳን ሰው አሰልችቷል።

ተስፋው ከንፈሩን ገለበጠበት። ደምበጫ መናኸሪያ ለአንዲት ሚኒባስ ሰው እንዴት እንደሚጋፋ አይቷል፤ ያ ሁሉ ተሳፋሪ አንዴ ወደ በሩ ቢሮጥ ገና ሳይዘል ተራግጦ ያልቃል አለ። ደግሞ ሳቀበት።

እጅጉ ጣሳውን አንስቶ አፉ ላይ አሳረፈለት። ተስፋው ጥርሱን ከነደሙ ተፋና ዱላውን ከግድግዳው አነሳ። አንዱን ትከሻው ላይ፣ አንዱን ጆሮ ግንዱ ላይ አወረደበት። እጅጉ አንገቱን አንቆ ከጋኑ ጋር አላተመው፤ ጋኑ ተሰንጥቆ ጠላው ከደሙ ጋር መሬቱን አጠበው። የጠላ ቤቱ ባለቤት እህተ ማርያም ሁለቱንም በዘነዘና እየቀጠቀጠች አስወጣቻቸው።

እጅጉ ጆሮው እየደማ «ላሳይህ» አለና ቀጥ ብሎ ወደነተስፋው አውድማ ሮጠ። ከጤፉ ክምር ላይ ሸራውን ገፈፈ፣ ጫፍና ጫፉን በመጫኛ አስሮ ደረቱ ላይ ጠመጠመው፣ ከዚያ አውድማው ዳር ያለው ዋርካ ላይ ወጣ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጎረምሳው ዝለል ዝለል ይላል፤ ተስፋው ከታች በድንጋይ ይወግረዋል። አንዱ ድንጋይ ጉልበቱን ሲያገኘው ዘለለ።

ሸራው ትንሽ ነፋ ብሎ ነበር። ቅርንጫፍ ያዘው፣ ተተረተረ። መጫኛው ብብቱን ልጦ ለቀቀውና በአንድ እግሩ መሬት ደረሰ። የቅልጥሙ ስብራት እስከ መንገዱ ተሰማ፤ አጥንቱ ሱሪውን በስቶ ወጣ። ተስፋው እግሩን ዞር ብሎም አላየው፤ ሰማዩ እየጠቆረ ነው፣ ጤፉ ራቁቱን ቀርቷል። ሸራችንን እያለ ጎድን ጎድኑን በዱላ ሲለው አዛውንቶቹ በማርያም ብለው መሀል ገቡ።

እስከዳር ሰዉን ጥሳ መጣች። እጅጉ በአፉ የሞላውን ደም ዋጥ አድርጎ ቀና አለ።

«አየሽ፣ አልሞትኩም። ፓራሹት ካልሰጡሽ እንዳትሄጂ።»

አጥንቱን አየችው። የተቀደደውን ሸራ አየችው።

«ይስጧችሁና አንተን የመሰለው ሁሉ ይዝለል፣ አውሮፕላኑም ይቅለለው። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እደርሳለሁ።»