የወይዘሮ ሸምሲያ መንጋጋ

ወይዘሮ ሸምሲያ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ከመሐረብ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ይኸው ደግሞ ድዴን ላጠኝ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ሌላ ሰው ልፈልግ ኤልሳዕ?"

ኤልሳዕ ጥርሱን አንስቶ አገላበጠው። አቦከር ሰፈር ውስጥ በከፈታት ጠባብ ክፍል ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የሴትዮዋ የታች ጥርስ በሙሉ ሲወልቅ የተካላቸውም እሱ ነበር፤ አራት ዓመት ሆነው። ያኔ ልክክ ብሎላቸው፣ ጀጎል ውስጥ ስፌት የሚሸጡ ጓደኞቻቸውን ሁሉ ልከውለታል። አምና ግን ጠበበኝ ብለው መጡ፤ ሞረደላቸው። ከሁለት ወር በፊት ተመለሱ፤ ደግሞ ሞረደላቸው።

"ልኩን እንደ አዲስ ልውሰድ" አለ።

የታች ድዳቸውን ቅርጽ በለስላሳ ሊጥ አትሞ ጀሶ አፈሰሰበት። ጀሶው እስኪደርቅ ሸምሲያ ሦስት ሳምንት ስለቀረው ስለ ልጃቸው ስለ ሰሚራ ሠርግ አወሩለት። እሱ በግማሽ ልብ እየሰማ የዛሬ አራት ዓመቱን ጀሶ ከመደርደሪያ አውርዶ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠው።

አዲሱ ይበልጣል። በማስመሪያ ሲለካው ስድስት ሚሊሜትር ሰፍቷል። የተሳሳተ መስሎት ልኩን ደግሞ ወሰደ። ያው ነው። ጥርስ የወለቀበት መንጋጋ እያደር ሲሟሽሽ እንጂ ሲያድግ አይቶ አያውቅም። ያውም በሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ላይ።

ቀና ብሎ አያቸው። እስከ ዛሬ አፋቸውን እንጂ ፊታቸውን ልብ ብሎ አላየም። አገጫቸው ወደ ፊት ወጥቷል፤ አፍንጫቸው ሰፍቷል፤ ከቅንድባቸው በላይ ያለው አጥንት ጎልቷል። ወይስ ድሮም እንዲህ ነበሩ? እርግጠኛ መሆን አልቻለም።

"ሌላስ የጠበበዎት ነገር አለ?"

ሸምሲያ ጣቶቻቸውን አዩ። "ቀለበቴ አልወጣ ብሎ ወርቅ ሠሪ ነው የቆረጠልኝ። ጫማም የወንድ ሆኗል የማደርገው። ራሴን ያመኛል፤ እሱ የዕድሜ ነው አሉኝ። የእህቴ ልጅ ከጅዳ መጥታ በር ላይ አልፋኝ ገባች። ወላሂ አላወቀችኝም።"

"ሐኪም አላዩም?"

"ምን ሆንኩ ብዬ? መልኬ ተበላሸ ልበል?"

ሁለቱን ጀሶዎች አስጠጋላቸው። ሸምሲያ በጣታቸው አንዱን ነኩ፤ ቀጥሎ ሌላውን።

"የትኛው ነው የእኔ?"

"ሁለቱም። የበሽታውን ስም አላውቅም፤ አጥንትዎ ግን እያደገ ነው።"

ሸምሲያ ጀሶዎቹን ገፋ አደረጓቸው። "ተው አቦ" አሉ። "ያለ ጥርስ እንግዳ ልቀበል? ለሠርጉ ብቻ ሞረድ አድርግልኝ። ከዚያ እንዳልከኝ እሆናለሁ።"

የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ለሠርጉም ይበቃል። ኤልሳዕ ሞረዱን አነሳ። ግን አሁን ከተመቻቸው መቼ ይመለሳሉ? ያዝ አድርጎ ቆየና መልሶ አስቀመጠው። ጀሶዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ጋውኑን አወለቀ።

"ሆስፒታል አብሬዎት እሄዳለሁ። ለሐኪሙ እኔ አሳየዋለሁ።"

ሸምሲያ አልተነሱም። አንዴ በሩን፣ አንዴ ጥቅሉን እያዩ ቆዩና ስልካቸውን አወጡ።

"ሰሚራ፣ ልብሱን ለመለካት አልደርስም። ብቻሽን ሂጂ" አሉ።

ለምን እንደሆነ ግን አልነገሯትም።