ሠላሳ አራት ሱቅ፣ ዜሮ ሪፖርት

እስከ ጥቅምት ሃያ አራት፣ ሰኞ ማታ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር። ዱባይ ተራ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ሠላሳ አራት የጫማ ሱቆች ዛኪር የሠራውን አፕ በስልካቸው ይጠቀማሉ። አፑ ሥራ ከጀመረ ሃያ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ዛኪር ሰርቨር የደረሰው የብልሽት ሪፖርት ዜሮ ነው።

ዛኪር ይህን ዜሮ ከዲግሪው አብልጦ ይወደው ነበር። ዓርብ ዓርብ ሰርቨሩን ከፍቶ ያየዋል፤ ከዚያ ደብተሩ ላይ ቀኑን ይጽፍና ከጎኑ ዜሮ ያሰፍራል። ሃያ ሁለት ዓርብ፣ ሃያ ሁለት ዜሮ። በመጨረሻም በግራፍ አወጣው። ግራፉ ከወረቀቱ ግርጌ የተጋደመ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወስዶ በቀለም አሳተመው፣ በላስቲክ አስለበጠው፣ ካሚላ ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ካሚላ የእናቱ የሀስና የድሮ ጎረቤት ናት፤ ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችና ሥዕሉ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀችው።

አፑ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ጫማ ሻጭ ለደንበኛ «የለም» አይልም። አርባ አንድ ቁጥር ተጠይቆ ሱቁ ውስጥ ከሌለ «አለ፣ ይቀመጡ» ይልና ጎረቤቶቹን አዳርሶ ያመጣል። ዛኪር ያስቀረው ሩጫውን ነው፤ ሻጩ ሞዴሉንና ቁጥሩን ሲጽፍ አፑ ዕቃው ያለበትን ሱቅ ይነግረዋል። ይህን አሠራር ከመጽሐፍ አላገኘውም። ሀስና በዚያው ሕንፃ ሃያ ዓመት ጫማ ስትሸጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ያግዛት ነበር፤ «የለም» ያለ ዕለት ጆሮው ይቆነጠጣል።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ የሕንፃው ኮሚቴ አፑ ለሰማንያ ስድስቱም ሱቆች ይግባ ወይስ ይቅር ብሎ ሊወስን ነው። ዛኪር የደመወዝ ሥራውን የለቀቀው ይህን ቀን ብሎ ነበር። እምቢ ካሉት፣ ሲለቅ «ታየኛለህ» ብሎ የፎከረበትን አለቃውን መልሶ ማየት ሊኖርበት ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሀብተ ወልድ ጫማ በኮንቴይነር የሚያስመጡ ሰው ናቸው፤ የጠየቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሥራ መሃል እንዳይጠፋብን። ሌላውን እንችለዋለን።» ዛኪር አንድም ቀን ጠፍቶ እንደማያውቅ ነግሯቸው በጣቱ ወደ ካሚላ ሱቅ ግድግዳ አመለከተ።

ነገሩ የተበላሸው ዜሮውን የበለጠ ንጹሕ ላድርገው ሲል ነው። እስከዚያ ድረስ አፑ ከተቋረጠ፣ ሻጩ እንደገና ሲከፍተው «ስለ ብልሽቱ ሪፖርት ይላክ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሻጩም «ይላክ» ወይም «ይቅር» የሚለውን ይነካል። ዛኪር ሲያስበው፣ ሰው ነክቶ የሚላክ ሪፖርት ሰው ሊዘነጋው ይችላል። በራሱ የሚላክ ከሆነ ግን ዜሮው የማያከራክር ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ሪፖርቱ ማንንም ሳይጠይቅ ወዲያው ሰርቨር እንዲገባ አደረገ። ባለ ሱቆቹን ሳያስፈቅድ ማድረጉን ስላልወደደው ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ሠላሳ ሦስቱ ቀና ብለው ሳያዩት «እሺ» አሉት። ጋሽ ደመቀ ብቻ ምን ምን እንደሚላክ በዝርዝር ጠየቁት።

«የስልኩ ዓይነት፣ አፑ የቆመበት መስመር፣ መጨረሻ ላይ የተፈለገው ሞዴልና ቁጥር።»

«የደንበኛዬ ስምስ?»

«አፑ ራሱ አያውቀውም ጋሼ።»

«እንግዲያ ላከው። ግን አይበላሽም ስትል አልነበር? ምኑን ነው የሚልከው?»

ዛኪር ፈገግ ብሎ አለፈ። ያን ፈገግታ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሶታል።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰርቨሩን ሲከፍት 417 ሪፖርት ጠበቀው። ደብተሩን አወጣና ተጠርጣሪዎችን በቅደም ተከተል ጻፈ፤ ሰርቨሩ፣ ኔትወርኩ፣ ስልኮቹ፣ ነጋዴዎቹ። ራሱን አልጻፈም። ሰርቨሩን መረመረ፣ ደህና ነው። ኔትወርኩንም አየ፣ ጤነኛ ነው። አንድ ያበደ ስልክ ይሆናል ብሎ ሪፖርቶቹን በስልክ ለያያቸው፤ ከሠላሳ አራቱም ሱቆች መጥተዋል። ሐሙስ ጠዋት ቁጥሩ 1,312 ደረሰ። ሦስቱን የላከው ዛኪር አፑን የሚሞክርበት የራሱ ስልክ ነው። የቀሩት 1,309 የሚያመለክቱት አንድ የኮድ መስመር ነው፤ ሰማንያ ስምንተኛውን። መስመሩ «ዕቃው ከተገኘባቸው ሱቆች የመጀመሪያውን አሳይ» ይላል። ዕቃው የትም ካልተገኘ ምን ይደረግ የሚል ነገር ከላዩም ከታቹም አልተጻፈም። የሚያሳየው ሱቅ ያጣ አፕ ደግሞ ይወድቃል።

ዛኪር ለዚህ አፕ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሙከራ ጽፎ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አንዱም የሚፈልጉት ያለ ጫማ ነው። የሌለ ጫማ መፈለግ ወደ አእምሮው አልመጣም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ይዞ ካሚላ ሱቅ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ቁመተ ረጅም ሰው ገብቶ ጥቁር ቆዳ አርባ አምስት ቁጥር አለ። ካሚላ ስልኳ ላይ ጻፈች። አፑ ጥፍት አለ። እሷ ግን ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም፤ ስልኩን አስቀምጣ ለሰውየው ሰፋ ያለ ቡናማ አርባ አራት አወረደችለት፣ ሰውየውም ለክቶ ገዛ። ዛኪር ሰውየው እስኪወጣ ጠበቀ።

«እትዬ ካሚላ፣ አሁን አፑ ምን አለዎት?»

«የለም አለኛ።»

«ምንም አላለም። ጠፋ እኮ!»

«ሲጠፋ የለም ማለት ነው። የሠራኸው አንተ፣ የምትጠይቀው አንተ?»

እንደነገረችው ሁሉም ሱቅ እንደዚያው ነው የሚያውቀው፤ አዲስ ለገባ ያስተማረችውም እሷ ናት። ካለ ያሳያል፣ ከሌለ ዝም ብሎ ይሄዳል። ደንበኛ ፊት «የለም» የማይል ጨዋ አፕ ነው እያለች ለሀስና ሳይቀር አመስግናለታለች። ዛኪር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ታዲያ መልሰው ሲከፍቱት ሪፖርት ይላክ ወይ ሲላቸው ለምን አንድም ሰው አልላከም አላት።

«የሀስናን ልጅ ለማን ነው የማሳጣው?» አለች ካሚላ። «ሁልጊዜ ይቅር ነው የምለው። ሌሎቹንም ይቅር በሉት ብያቸዋለሁ።»

ዛኪር ዜሮው ከምን እንደተሠራ የገባው ያኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓርብ ሙሉ ደብተሩ ላይ ሲያሰፍር የኖረው የአፑን ጥንካሬ ሳይሆን ጎረቤቶቹ ምን ያህል እንደሚያዝኑለት ነበር።

ያንኑ ዕለት መስመሩን አስተካክሎ፣ ዕቃው ከሌለ በትልቅ ቀይ ፊደል «የለም» የሚል ገጽ ሠራና ዓርብ ጠዋት ለካሚላ አሳያት። ካሚላ ስልኩን ወዲያው በጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ደንበኛ በትከሻዋ በኩል ቢያነበውስ? እንደ በፊቱ ዝም እንዲል አድርግልኝ አለችው። ዛኪር ተመልሶ ቀዩን ገጽ አጠፋ፤ አሁን አፑ ዕቃውን ካጣ ሳይወድቅ ጸጥ ብሎ ወደ ባዶው መጻፊያ ይመለሳል። እንዲህ አድርጎ አፑ ሃያ ሁለት ሳምንት በስህተት ሲሠራው የቆየውን ነገር ሆን ብሎ እንዲሠራው አስቻለው። የፈጀበት አንድ ቀን ተኩል ነው።

ቅዳሜ ወደ ስብሰባው ሲሄድ በልቡ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ «አፑ ከትናንት ጀምሮ አንድም ጊዜ አልጠፋም።» እውነት ነው፤ ከግድግዳው ወረቀት ጋርም አይጣላም። ኮሚቴው ፊት ሲቆም ግን ጋሽ ሀብተ ወልድ በመጀመሪያ የተናገሩት ስለዚያ ወረቀት ሆነ። እንዲህ የማይጠፋ ነገር በሕይወታቸው አይተው እንደማያውቁ ለተሰበሰበው ሰው ነገሩ። ዛኪር ሙገሳው እስኪያልቅ አልጠበቀም።

«ጠፍቷል ጋሼ» አለ። «ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ብቻ 1,309 ጊዜ። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። አሁን አስተካክዬዋለሁ፣ ወረቀቱ ግን ውሸት ነው።»

ከዚያ ስለ ሰማንያ ስምንተኛው መስመር አስረዳ፤ ከሚያስፈልገው በላይ አስረዳ። ካሚላ ከኋላ ወንበር ሆና ልጁ ራሱን መክሰስ እንደሚወድ ለጎረቤቷ ስትነግራት ይሰማዋል። ጋሽ ሀብተ ወልድ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቆይ። የሚጠፋው ዕቃው ከነአካቴው ሲታጣ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«1,309 ጊዜ ደንበኛ ጠይቆ ከሠላሳ አራቱ ሱቆች አንዱም ጋር አልነበረም?»

«አዎ።»

«የተጠየቀው ቁጥርስ ይታወቃል?»

ዛኪር ደብተሩን ገለጠ። የወንድ አርባ አምስት ቁጥር 391 ጊዜ ተጠይቋል። እዚያ የተቀመጡት አስመጪዎች የወንድ ጫማ የሚያዙት እስከ አርባ አራት ነው፤ ከዚያ በላይ ጠያቂ የለውም የሚሉትም በግምት ነው። ያልተሸጠውን መጋዘናቸው ውስጥ ያዩታል። ተጠይቆ የታጣውን ግን ጽፎ የያዘላቸው ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም «የለም» ብሎ የሚጽፍ አልነበረም።

«አፑን ተወውና» አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ፣ «ብልሽቱን አምጣው።»

ዛኪር፣ አፑ በደህና የሠራባቸውን ጊዜያት የሚያሳይ ዝርዝርም እንዳለው፣ ይኸውም በሃያ ሁለት ሳምንት ከመቶ ሺህ በላይ ፍለጋ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረ። የሰማው የለም። ኮሚቴው አፑን ለሰማንያ ስድስቱም ሱቆች ተቀበለ፤ ከነቅድመ ሁኔታው። አፑ ተፈልጎ የታጣውን ቁጥር ሁሉ ይመዘግባል፤ በየሳምንቱ ዓርብ ተዘርዝሮ ካሚላ ሱቅ ይለጠፋል፣ ግራፉ በነበረበት ቦታ።

ግራፉን ካሚላ አልጣለችውም። በላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ውሃ አያስገባም፤ ጫማ የሚለኩ ደንበኞች በካልሲ እንዲቆሙበት ወለሉ ላይ አነጠፈችው። ዛኪር ዝርዝሩን ሊለጥፍ ሲመጣ ዜሮው ላይ የቆመ ሰው አያጣም።

አዲሱ አፕ በሰማንያ ስድስቱ ሱቆች በመጀመሪያው ሳምንት የወደቀው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም በዛኪር መሞከሪያ ስልክ ላይ።