ድራመር የሌለበት ውል

የለሊሳ ቡጢ እንደገና የገዛ ደረቱ ላይ ሲያርፍ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ጨዋታቸውን አቆሙ። ሸሚዙ ተቀዷል፣ ደረቱ ደም መስሏል፤ እሱ ግን መድለቁን አልተወም።

«በቃህ ልጄ፣ ራስህን ልትገድል ነው» አሉት የእድሩ ዳኛ አቶ ተክለማርያም ክንዱን ይዘው። አስለቀቀና መታ። ድራመር ነውና ደረቱን ሲመታ እንኳ ምት ይጠብቃል፤ ሰብሌን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ሰብሌ ዘፋኟ፣ ለሊሳ ድራመሩ፣ ሟቹ ጉልላት ቤዝ ጊታሪስቱ፤ ባንዱ ይኸው ነበር። ጊታሩ አሁን ከፎቶው ጎን ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር እናቱ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ወደ ላይ ያነሱትና መልሰው ሲያስቀምጡት ፊታቸውን ይነጫሉ።

ጉልላት እጁ አያርፍም ነበር። ሰብሌ ልምምድ አረፈደች ብሎ የማይክ ማቆሚያ ግድግዳ ላይ የሰበረ ሰው ነው። አዲስ የተቋቋመ የሙዚቃ አሳታሚ ሊያስፈርማቸው ሲል ደግሞ ባሰበት። ቢሮ ድረስ ሄዶ የባለቤቱን የቡልቻን አፍንጫ ሰብሮ ተመለሰ።

ሰብሌ አበደች። ዕድሜዋን ሙሉ በየክለቡ የሰው ዘፈን ስትዘፍን የራሷን የምታወጣበትን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች።

«ምክንያቱን ንገረኝ።»

«አንፈርምም። አለቀ።»

ቡልቻ ጋ ልትደውል ስትል ስልኳን ነጥቆ ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው። በጥፊ አጮለችው። ያ ለማንም የማይመለስ ሰው ዝም ብሎ ቆመላት።

«አንተ የሰው ዕድል ስትሰብር ነው ደስ የሚልህ» አለችው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። በዚያው ሳምንት ዓለም ባንክ ሰፈር፣ በሚሠሩበት ክለብ በር ላይ፣ አንድ ሰካራም ለሊሳን ሲያንቀው ጉልላት መሀል ገባ። የሰካራሙ ጩቤ እሱ ሆድ ውስጥ ቀረ።

በለቅሶው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡልቻ አፍንጫው ላይ ፕላስተር እንደለጠፈ ድንኳኑ መጣ። «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ሰብሌ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰብልዬ፣ ጊዜው አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ውሉ አሁንም እንዳለ ነው። ብቻሽንም ቢሆን።»

«ብቻዬን? ለሊሳስ?»

«ጉልላት አልነገረሽም እንዴ? ድራሙን በኮምፒውተር ነው የምንሠራው። ለሊሳ ድሮም ውሉ ውስጥ አልነበረም፤ አንቺና ጉልላት ብቻ ናችሁ ብዬው ነበር። ‹ይህን ለሊሳ ቢሰማ እገድልሃለሁ› አለኝ። ከዚያ መታኝ።»

ሰብሌ ጉልላትን በጥፊ የመታችበትን እጇን አየችው። ጠላችው። ከዚያ በዚያው እጅ የቡልቻን ኮሌታ ጨምድዳ ስታስነሳው አግዳሚው ተገለበጠ።

«ሰብሌ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አለ እየተንተባተበ።

«ለዚህ ነው በእግርህ የምትወጣው። እኛ ሦስት ነን» አለችው ጆሮው ሥር። «ከዚያ ያነሰ ባንድ የለኝም።» ገፍትራ ከድንኳኑ አስወጣችው። ያ የጠበቀችው ቀንም አብሮት ወጣ፤ ቆጫት፣ ግን አልጠራችውም።

ተመልሳ ለሊሳ ፊት ተንበረከከች።

«ቡልቻ ምን አለሽ?» አላት፣ ዓይኑ አብጦ።

«ምንም።»

ቡጢውን አነሳ። ሰብሌ መዳፏን ደረቱ ላይ አደረገች። ምቱ እጇ ላይ አረፈ፤ አመማት፣ ግን አላነሳችውም።