ለበር የሚቀርብ ትምህርት

ከጉባኤው ፕሮግራም ላይ ከመረጥኳቸው አራት ክፍለ ጊዜዎች በሦስቱ ግርጌ፣ በትንሽ ፊደል፣ «ድጋሚ» የሚል ቃል ነበረ። እኔ ያየሁት ሁለተኛው ተጀምሮ አቅራቢው የጠዋቱን ቀልድ መልሶ ሲያወራ ነው።

ጥፋቱ የራሴ ነው። በዚህ ትልቅ የአሠልጣኞች ጉባኤ ላይ ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ ብቻ ስልሳ ክፍለ ጊዜ አለ። ሰው በርዕስ ይመርጣል፤ እኔ በሕንፃው ካርታ መረጥኩ። እሳት ቢነሳስ? ጣሪያው ቢወርድስ? ብዬ ምድር ቤት ያለውን፣ ለመውጫው በር የሚቀርበውን ክፍል አራት ጊዜ በእስክሪብቶ ከበብኩት።

ለልጄ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ርዕሱን አላነበብሽም?»

«የክፍሉን ቁጥር አንብቤያለሁ።»

«ሌላ ክፍል ግቢያ!»

«ሌላው ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሊፍት!»

«ሰው ሁሉ በሊፍት አይደል የሚወጣው?»

«ቢወድቅስ? ሰው ሁሉ ልጅ የለውማ!»

እሷ ትንከተከታለች፤ እኔ ግን ሰኞን አስባለሁ። የምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አዳዲስ ማሽኖች ገብተውለታል፤ ሠራተኞቹን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ካሠለጠንኳቸው አንዱ ሰባ ነጭ አንሶላ አስገብቶ ሰባ ሮዝ አንሶላ አወጣ። አለቃዬም፣ «ከጉባኤው አንድ የሚሠራ ነገር ካላመጣሽ፣ ሰኞ ወደ መተኮሻው ትመለሻለሽ» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ተኩሻለሁ። ወገቤን ጠይቁት።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ሲሠራ በስልክ ለአንድ ደቂቃ ይቀረጻል። ፊልሙ ኪውአር ኮድ የሚባል፣ በስልክ የሚነበብ ምልክት ካለበት ካርድ ጋር ይያያዛል፤ ካርዱ ማሽኑ ላይ ይለጠፋል። ሠራተኛው ስልኩን ያስጠጋል፣ ያያል፣ ይሠራል። በሦስተኛው ዙር እንደ ውሃ ጠጣሁት። በአራተኛው አቅራቢው ቀልዱ መሃል ላይ ሲጠፋበት እኔ ጨረስኩለት።

«እናቴ፣ ይህን ያህል ወደዱት?» አለኝ ሲወጣ።

«እኔ የወደድኩት በሩን ነው።»

ከት ብሎ ሳቀና ኮድ ያለባቸው ሁለት ካርዶች ሰጠኝ።

አመሻሽ ላይ ልወጣ ስል የቀኑ ጥበቃና የማታው ተረኛ እዚያው በር ላይ ይጨቃጨቃሉ። በሩ አልቆለፍ ብሏል። ለካ ቀኑን ሙሉ የተማመንኩበት በር ይህ ነው!

«እጀታውን ወደ ላይ፣ በሩን በጉልበት፣ ቁልፉን ሁለቴ! ስንቴ ልንገርህ?» ይላል የቀኑ። ወደ እኔ ዞሮም፣ «ማታ ማታ እየደወለ ከእራቴ ያስነሳኛል» አለ።

«ሲነግረኝ ይገባኛል» አለ ተረኛው። «ሲሄድ ግን አብሮት ይሄዳል።»

ልክ እንደኔ ሠልጣኞች! ስልኬን አወጣሁ።

«ወንድሜ፣ እስኪ አንዴ ቀስ ብለህ ቆልፈው፤ ከዚያ ክፈተው። ፊትህን አልፈልግም፤ እጅህንና ጉልበትህን ብቻ።»

«ፊቴ ምን ሆነ?»

«ደቂቃ ይፈጃል!»

ቀረጽኩት። እየቀረጽኩ ጣሪያውንም ስለማይ በሩ የመሬት መንቀጥቀጥ የመታው ይመስላል፤ ቢሆንም ጉልበቱ በደንብ ይታያል። ከካርዱ ጋር አያያዝኩና ከእጀታው በላይ ለጠፍኩት። ፊልሙን፣ የካርዱን ነገር ጽፌበት፣ ለአለቃዬም ላክሁለት፤ ከላክሁ በኋላ መጥፎ መጥፎው ይታየኝ ጀመር። ይኸው አሠልጣኟ የሰው ጉልበት ትልክልኛለች ቢልስ?

ስልኬ ጮኸ። «ሰኞ ጠዋት መተኮሻው ጋ ጠብቂኝ» ይላል።

ስልኩን ለጥበቃዎቹ ዘረጋሁላቸው። «አላልኩም? አለቀልኝ!»

የቀኑ ጥበቃ ስልኩን ተቀበለኝ። «እናቴ፣ ገና አላለቀም እኮ። ወደ ታች ያንብቡት እንጂ!» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበልኝ፦ «ለመተኮሻውም እንደዚህ ትሠሪለታለሽ። ከዚያ ለሁሉም ማሽን።»

ዛሬ ሁለተኛዬ ነው፤ ግርጌ ሳላነብ።

«እንዴት ነው፣ ልሞክር?» አለ ተረኛው።

«ቆይ! ውስጥ ሰው እንዳይቀር!» ገብቼ ወንበሮቹን ሥር ሥራቸውን አየሁ። ማንም የለም። ተመልሼ ገብቼ አየሁ። አሁንም ማንም የለም።

ተረኛው ስልኩን ካርዱ ላይ አስጠጋና አየ። የቀኑ ጥበቃ አፉን ሊከፍት ሲል በክርኔ ጎሰምኩት። እጀታው ወደ ላይ ሄደ። ጉልበት በሩን ገፋ። ቁልፉ አንዴ ዞረ።

የቀኑን ጥበቃ እጅጌ ያዝኩ።

ሁለቴ። ቀጭ!