ለየኔታ ጆሮ የተመረጠ ትራንስፎርመር

የኔታ ዮሐንስ ራዲዮናቸውን በነጠላ ጠቅልለው ዳውድ ሱቅ የመጡት በገበያ ቀን ነው። ዳውድ ጎረቤቴ ነው፤ እሱ ራዲዮና ቴፕ ይጠግናል፣ እኔ ከሱ ጋር ግድግዳ ተጋርቼ ጨውና በርበሬ እሸጣለሁ። በከተማችን በአርብ ገበያ እንደሱ ያለ ቀርፋፋ ጠጋኝ የለም። ራዲዮ ሰጥታችሁት ስትመለሱ ልጃችሁን ድራችሁ ትጨርሳላችሁ። ግን አንዴ የሠራው ነገር ተበላሽቶ አይመለስበትም።

«ድምፁ ሞቷል» አሉ የኔታ።

ዳውድ ራዲዮውን ከፈተው። ጮኸ፤ በርበሬ የምሰፍርላት ሴትዮ ደንግጣ ዞር እስክትል ድረስ ጮኸ።

«አየህ? ትንፍሽ አይልም» አሉ የኔታ።

ዳውድ እኔን አየ፣ እኔም እሱን። ራዲዮውስ ደህና ነበር።

የኔታ ከከተማው ዳር ባለው ደብር የድጓ መምህር ናቸው። የድጓ ማስመስከሪያ ከሆነው ደብር ከቤተ ልሔም ተምረው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። የዜማ መምህር ሥራው በጆሮ ነው፤ ተማሪው ፊታቸው ተቀምጦ ያዜማል፣ ሲስት ይመልሱታል። ጆሮ ከሌለ ጉባኤው ይበተናል። ይህን እሳቸውም ያውቁታል፤ ስለዚህ የተማሪውን አፍ እያዩ ሲያርሙ ከርመው ኖሯል። አንድ ዘመድ ከከተማ ያመጣላቸውን የጆሮ መሣሪያ «እንደ ትንኝ ይጮኽብኛል» ብለው ጥለውታል።

«ድምፅ የሚያጎላ ማዳመጫ እኔ እሠራልዎታለሁ!» አለ ዳውድ ጆሮአቸው ሥር። ከየኔታ በቀር ገበያው በሙሉ ሰማው። ደግሞ ነገራቸው።

እንግዲህ ምርጫው ተጀመረ። ዳውድ በጨርቅ የተጠቀለሉ የድሮ ራዲዮ አምፖሎች ነበሩት። ሲሞቁ ቀላ ብለው ድምፅ የሚያጎሉ እንጂ ቤት የሚያበሩ አይደሉም። አንደኛው ከማይክ የሚመጣውን ትንሽ ድምፅ የሚቀበል፣ ሌላው ወፈር ብሎ የሚገፋ፣ ሁለት ይበቃሉ አለ።

«ይቺ ታምራለች» አልኩት፣ አንዷን አንስቼ።

«ውብነሽ፣ ሙሽራ አይደለም የምመርጠው። አናቷ ነጭ ሆኗል፣ አየር ገብቷታል። ሞታለች።»

«ምነው ሚስትህን እንዲህ አልመረጥክ?»

«ሀሊማን የመረጠችልኝ እናቴ ናት» አለና በጥፍሩ አምፖሎቹን እያንኳኳ ማዳመጡን ቀጠለ።

አምፖሉስ ተገኘ፤ ጭንቁ ትራንስፎርመሩ ነው። አንደኛው መብራቱን ለአምፖሎቹ ከፍ የሚያደርገው፣ ከተሰበረ ዕቃ ወጣ። ሁለተኛው ግን በአምፖሉና በጆሮ ማዳመጫው መካከል ቆሞ ድምፁን የሚያሻግረው ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራውን ከባሕር ዳር ማስመጣት ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ስለዚህ ከሞተ ቴፕ ውስጥ መብራት የሚቀንሰውን ፈታና ገልብጦ ድምፅ አሻግር አለው።

«እንስራን ድስት ሁን እንደማለት ነው» አልኩት።

«ትንሽ ጊዜ ይችላል» አለ።

ቻለም። ጉባኤ ቤት ወስደን ሰካነው። የኔታ ትልቁን ማዳመጫ በጥምጥማቸው ላይ ደፉ፤ ትልቁ ተማሪያቸው ደሳለኝ ማይኩን ይዞ አዜመ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት እርጥብ ነበር።

«አንተ ደሳለኝ፣ መቼ ነው የጎረመስከው?» አሉት።

ተማሪዎቹ ተንከተከቱ። ደሳለኝ እኮ ጢሙን አሳድጎ ሊያገባ የታሰበለት ሰው ነው።

እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት? ዳውድ ግን ሲመለስ ሱቁ ውስጥ ተክዞ ተቀመጠ።

«ድምፁ ብርድ ልብስ ለብሷል» አለኝ። «የቴፑ ትራንስፎርመር ቀጫጭኑን ድምፅ ይበላል።»

«ሰውየው ደስ ብሏቸዋል፣ ተዋቸው።»

«ደስ ማለት ሌላ፣ መስማት ሌላ።»

መደርደሪያው ላይ የአባቱ የአቶ መሕቡብ የእንጨት ራዲዮ ነበረ። ዛሬም ይሠራል፤ በበዓል ቀን ብቻ ይከፍተዋል። ደህናው የድምፅ ትራንስፎርመር ያለው እሱ ሆድ ውስጥ ነው። በማግስቱ ሀሊማ ወደ እኔ መጥታ «የአባቱን ራዲዮ አረደው!» አለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።

በሳምንቱ እንደገና ሄድን። ደሳለኝ ማይኩን ይዞ ጀመረ። የኔታ ፈገግ ብለው ነበር፤ ከዚያ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህች ጋ ድገማት።»

ደገመ።

«ርክርኩ የታለ?»

ርክርክ ማለት ድምፁ እየተሰባበረ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው የሚወርድበት ቦታ ነው። ደሳለኝ በላዩ ላይ ቀጥ ብሎ አለፈበት። የኔታ ሌላ ተማሪ ጠሩ፤ እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ሁሉም እንደ አንድ ሰው።

«ማነው ይህን ያስያዛችሁ?» አሉ በቁጣ።

ደሳለኝ መሬት መሬት እያየ፣ ማይኩን ግን ከአፉ ሳያርቅ፣ «የኔታ... እርስዎ እንደሚሉት ነው የምንለው» አለ።

የዜማ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የወጣውን ይይዛል፤ ከራሱ ይጨምር ዘንድ ወግ አይደለም። የኔታ ማይኩን ተቀብለው ያቺኑ ቦታ ራሳቸው አዜሟት። እኔ ዜማ የማላውቅ እንኳ ሰማሁ። ድምፃቸው ቀጥ ብሎ አለፈባት። መስማት ያቃታቸውን ነገር ቀስ በቀስ ከአፋቸው ማውጣቱንም ትተውት ኖሯል፤ ልጆቹ ደግሞ በታማኝነት ያዙት።

ማዳመጫውን ሳያወልቁ ወደ ደሳለኝ ዞሩ።

«ከእኔ ተምሮ ወገዳ ያለው መምህርስ? እስቴ ወርዶ ወንበር የተከለውስ? እነሱም እንዲህ ነው የሚያስተምሩት?»

«እንዲሁ ነው የኔታ።»

ዳውድ ጎንበስ ብሎ ወደ ማይኩ ተጠጋ። «የኔታ፣ የቀድሞውን ትራንስፎርመር ልመልስልዎ? ያኛው ለስለስ ይላል።»

ቀና ብለው አዩት። «ተወው ልጄ። ይህኛው ምንም አልደበቀኝም። ጎበዝ ነህ።»

ሰድበውት ቢሆን ይሻለው ነበር። መንገዱን ሁሉ ቀድሞኝ ሄደ፤ እኔም የማሾፍ ወጉ ጠፋኝ።

የኔታ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው «ቤተ ልሔም ሂዱ፣ ከሥሩ ታረሙ፤ ተምረው ለወጡትም እናንተው ንገሯቸው» አሏቸው። ልጆቹ አንሄድም ብለው ቢለምኑም አልቻሏቸውም። በገበያው ቀን ለምዳቸውን ደርበው፣ ኮሮጆአቸውን አንግተው በሱቃችን ፊት አለፉ። ደሳለኝ ሊሰናበት ቆመ።

«ጋሽ ዳውድ፣ ደህና ይሁኑ።»

ዳውድ ጀርባውን ሰጥቶ ብሎን ይፈልግ ነበር። ብሎኑ እጁ ላይ ነው። እኔ ለደሳለኝ የገብስ ቆሎ በኮሮጆው ሞላሁለት።

«የኔታን ማን ያያቸዋል?» አለኝ።

«እኛ አለን» አልኩት።

ገበያው ሲበተን እህል ቀምሰው እንደሆነ ለማየት ከዳውድ ጋር ሄድን። በሩ ገርበብ ብሏል። ማንም የለም። ተማሪዎቹ የሚቀመጡበት ሣር ተጎዝጉዞ እንደተረገጠ ነው። የኔታ ማዳመጫውን አጥልቀው፣ ማይኩን ከራሳቸው አፍ ፊት አቁመው ያዜማሉ። አምፖሎቹ ቀልተዋል። እዚያች ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀጥ ይላል፤ ያቋርጣሉ፤ ከመጀመሪያው ይነሣሉ።

«አሁን ይሰማሉ እኮ» አለ ዳውድ በሹክሹክታ። «ጉሮሮአቸው ነው እምቢ ያለው።»

ደግመው ተነሡ። ያቺ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰባበረ። ዳውድ ክንዴን ጨብጦ «አገኟት!» አለ።

እኔ ግን በቆምኩበት በኩል ፊታቸው ይታየኝ ነበር። ድምፃቸውን የሰባበረው ልቅሶ ነው።