በአክስቴ ደጅ የወረደው ድንጋይ

አክስቴ ለተ ጊዮርጊስ ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረደችልኝ! በገዛ እጇ! አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። እኔ ግን ያለቀስኩት ትከሻዬ ስለተላጠ ነው። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጧት ከአባባ ጋር ወደ ፍርስራሹ ወጣን። ከአንኮበር ማዶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ነው፤ የጥንት ንጉሥ ከተማ ነበር ይላሉ። እኔማ ወርቅ በወርቅ መስሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ደረስን። ግማሽ ቅጥር፣ ሳማ፣ አንዲት የተኛች ፍየል።

"ንጉሡ የት ነበር የሚቀመጠው?" አልኳቸው።

"ፍየሏ የተኛችበት" አሉ አባባ። ቄስ ናቸው፣ ግን እንዲህ ያፌዛሉ።

ከዚያ የሚወርድ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጥርብ ድንጋይ ተሸክሞ ይወርዳል፤ አንኮበር ለሚሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን። አንዴ ከተሸከሙት ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይደርሱ መሬት አያስነኩትም። እኔ ሞኟ ትንሹን ትቼ ሐረግ የተቀረጸበትን መረጥኩ።

"ይከብድሻል፣ ይመኙሻል" አሉኝ አባባ፣ ስሜን ጠርተው።

"አይከብደኝም!"

ከበደኝ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። አባባም ጉልበታቸውን እያሹ እኔን ማባበሉን ተዉት። ያ ሁሉ ጎጆ ተራራው ላይ ተደራርቦ ከተማው ብቅ ሲል እንኳ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከተማ እንደገባን አባባን የታመመ ሰው ሊያናዝዙ ጠሯቸውና "አንቺ ቅደሚ" አሉኝ። ትንሽ ሄድኩና ድንጋዩን ሳላወርድ አንድ አጥር ተደገፍኩ። ቀና ስል የማን ደጅ ነው? የአክስቴ!

አክስቴ የእማዬ ታላቅ ናት። ጡት ያስጣለችኝ፣ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አያቴ የሞተች ጊዜ እማዬ ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የዚችማ ዓይኗ እንኳ አልረጠበም" አለቻት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እማዬ "ይቅርታ ከምጠይቃት ምላሴ ይቆረጥ" ብላለች። እኔም እዚያ ቤት እንዳልደርስ ተከልክያለሁ።

አክስቴ ብቅ አለች። እኔን አየች። ድንጋዩን አየች። ያኔ ገባኝ። ድንጋይ ተሸክሞ ሰው ደጅ የሚቆም ማሩኝ ሊል ነው እንጂ ሌላ ምን ሊል ነው!

"እናትሽ ናት የላከችሽ? ራሷ መምጣት አቅቷት?"

"አይ፣ እትዬ፣ እኔ..."

"እንግዲያ ቁሚ!" ብላ ፊቷን አዞረች።

ጎረቤቷ አያ ኪዳነ ማርያም ከአጥሩ ማዶ ጮኹ። ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን አላረጀም። "አንቺ! ይቺ አንድ ፍሬ ልጅ ድንጋይ ተሸክማ ደጅሽ ቆማ ዝም ትያለሽ? አውርጂላት እንጂ!"

"የበደለችኝ እናቷ፣ የምትሸከመው ልጅቷ?"

"አውርጂ ብያለሁ!"

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልናገር ነበር፣ ማርያምን! ግን የተላጠው ትከሻዬ አቃጠለኝ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እነሱ የጸጸት እንባ መሰላቸው። አክስቴ አወረደችልኝ።

"ምሬያታለሁ" አለች። "ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ። መኳረፍም ያደክማል። ነገ ጧት እመጣለሁ በያት።"

ድንጋዩንማ አልመለሰችልኝም። የእርቅ ድንጋይ ነው ብላ ደጇ ላይ ተከለችው።

አባባ ሲያገኙኝ "ድንጋይሽስ?" አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በረጅሙ ተነፈሱ።

"እግዜር ድንጋይ አያጣም። ከእናትሽ ጋር ግን አንቺው ተወጪው። እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም።"

ቤት ስንደርስ እማዬ ወገቧን ይዛ መደብ ላይ ተቀምጣለች።

"በሷ ደጅ አለፋችሁ?" አለች፣ እኔን ሳታይ።

"አለፍን።"

"ምን አለች?"

"ነገ ጧት እመጣለሁ አለች።"

ቀና አለች። ከዚያ ፈገግ! ስንት ዘመን ያላየሁት ፈገግታ።

"በመጨረሻ እሷው ተሸነፈች በይኛ!" አለች። ያን የታመመ ወገቧን እየደገፈች ተነሣች፣ መጥረጊያ አነሣችና ደጁን መጥረግ ጀመረች።

አባባን አየኋቸው። ጣራውን ያያሉ። እኔም አፌን ዘጋሁ፣ ሌላ መጥረጊያ አንስቼ ከእማዬ ጎን ጠረግሁ።

ነገ ግን ሁለቱም "ምሬሻለሁ" ሊባባሉ ነው የሚገናኙት! እናንተ ብትሆኑ ዛሬ ትነግሯት ነበር? ወይስ እንደኔ ዝም ብላችሁ ትጠርጉ ነበር?