የሰማያዊው መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል

ኢልሃን ፈረንሳይ የሚባለውን አገር ድንገት የወደደችው ለአገሩ ብላ አይደለም፤ ለሰውየው ብላ ነው። ሰውየው ራሺድ ይባላል። እንደ እሷው የጅግጅጋ ልጅ ነው። ድሮ ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በፊት በታህሪብ፣ በድብቁ የስደት መንገድ፣ ሄደ፤ ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን አልፎ ማርሴይ የምትባል የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ገባ። ስልኳን በአክስቱ በኩል አግኝቶ መደወል ከጀመረ ወራት አልፈዋል። በመጪው ዓርብ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እናቷ ቤት ይመጣሉ። እሺ ካለች ኒካሁ እዚያው በወኪል ይታሰርና ኢልሃን የሰው ሚስት ሆነች ማለት ነው፤ ያውም በአካል አግኝታው የማታውቀው ሰው ሚስት።

ወዳዋለች፤ ይህን መደበቅ ምን ያደርጋል? ሳቁ ደስ ይላታል። ስታወራ አያቋርጣትም። ስለ ቤቱ ሲያወራማ ሥራ ያስፈታታል። «ቤቴ ወደቡን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው» ይላታል በሶማሊኛ። «ሰገነቱ ላይ በጣሳ የተከልኳት ሎሚ አለች። ከታች አንድ ዓይኑ የጠፋ ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያዋን ዳቦ የሚሰጠው ለእኔ ነው። ከጎኑ አንዲት አሮጊት ፒያኖ ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሳሳቱት።» በቪዲዮ ሲደውል ግን የሚታየው ፊቱና ከኋላው ያለው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። «እስቲ ሰገነቱን አሳየኝ» ስትለው ኔትወርኩ ይቆረጣል። ኢልሃን ኔትወርክ የሚቆረጠው እኛ አገር ብቻ ይመስላት ነበር።

እናቷ ሆዶ ነገሩ አልቆላታል። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ዘመዶቹን እናውቃለን፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ?» ትላለች። ኢልሃን ግን ፋርማሲ የምትሠራ ሰው ናት። ማንኛውንም መድኃኒት ገልብጣ ቀኑን ሳታይ ለሰው አትሰጥም፤ ባልንስ ሳታይ ልትወስድ ነው እንዴ? አንድ ነገር ስለዚያ አገር ማወቅ አለባት። የሚነግራት ሰው ሲጠፋ ቅዳሜ ዕለት ወደ እትዬ ሶሲና ሄደች።

እትዬ ሶሲና መናኸሪያው አጠገብ በኮንቴይነር ውስጥ ልብ ወለድ ታከራያለች። ባሏ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ ሲመጣ አብራ መጥታ፣ እሱ ጡረታ ወጥቶ እንኳ ከጅግጅጋ አልወጣችም። ምላሷ ስል ነው፤ ቢላዋዋ ደግሞ ከምላሷ ይብሳል። ወፍራም መጽሐፍ እጇ ከገባ ወገቡን ለሁለት ትሰነጥቀውና ሁለቱንም ግማሽ ለየብቻ በካርቶን ትጠርዛቸዋለች፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያነብ። ምዕራፍ አለቀ አላለቀ አትልም፤ መሐሉን በዓይኗ ትገምትና ትቆርጣለች። የመጀመሪያውን ክፍል ያልመለሰ ሰው ሁለተኛውን አይነካውም፤ ቢለምናትም፣ ቢያለቅስም።

«ፈረንሳይ ውስጥ የሆነ ታሪክ አለሽ እትዬ?» አለቻት ኢልሃን።

«ፈረንሳይ ምን አለሽ አንቺ?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ የሚባል አንባቢ እኔ ጋ የለም። ፍቅር ነው ልብ አንጠልጣይ?»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ምንድነው ትለኛለች እንዴ!» አለች ሶሲና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «በፍቅሩ መጽሐፍ ፈረንሳይ ማለት ዝናብና መሳሳም ነው። ሥራ የሚሄድ ሰው የለም። ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ጨጓራው ደህና። በልብ አንጠልጣዩ ግን ሰው በጠዋት ተነስቶ ሥራ ይገባል፤ ኪራይ ይከፍላል፤ ደረጃው ይሸታል፤ ጎረቤት በር ሥር ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ አንዱን ይገድሉታል። ማልቀስ ካማረሽ የሚሳሳሙበትን ውሰጂ። አገሩን ማወቅ ከፈለግሽ የሚገዳደሉበትን።»

«ሁለቱም ያለበት የለሽም?»

ሶሲና እንደ መቆጣትም እንደ መደሰትም አደረጋትና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ሽፋኑ የጠፋ፣ በሰማያዊ ካርቶን የተጠረዘ መጽሐፍ አወረደች። ስሙን እንኳ የሚያውቀው የለም፤ ደንበኛ ሁሉ «ሰማያዊው» ነው የሚለው። «ይኸው። ማርሴይ በምትባል ከተማ ነው የሚሆነው» አለች። ኢልሃን ማርሴይ ሲባል ወዲያው እጇን ዘረጋች፤ ፊቷን ግን አላስነበበችም።

ከቀትር በኋላ ጅግጅጋ ሥራ አይበዛም፤ ወንዱ ሁሉ ጫቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ፋርማሲውም ጭር ይላል። ኢልሃን ባንኮኒው ሥር ደብቃ ማንበብ ጀመረች። ታሪኩ ከባሕር ማዶ ደሴት ላይ ያለች ልጅና ማርሴይ ያለ ሰው በደብዳቤ ሲዋደዱ ነው። ሰውየው ቤቱን ይጽፍላታል። ወደቡን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ። ኢልሃን ፈገግ አለች፤ ማርሴይ ሁሉ ኮረብታ ነው ማለት ነው። ሰገነት። መቼም ሰገነት የትም አለ። በጣሳ የተተከለች ሎሚ ስትመጣ ማንበቧን አቆመች። ከታች አንድ ዓይና ዳቦ ጋጋሪ ብቅ ሲል ክው አለች። አሮጊቷም ፒያኖዋን ይዛ መጣች፤ ተማሪዎቿም እዚያው ቦታ ላይ ተሳሳቱ። ራሺድ በሶማሊኛ ነግሯታል፣ መጽሐፉ በአማርኛ ነው፤ ሎሚዋ ግን ያቺው ሎሚ ናት።

በመጀመሪያ አፈረች። ከዚያ ቆሽቷ አረረ። ውሸታም! ወራት ሙሉ በሰው ሰገነት ላይ ሲያንሸራሽራት! እንዲያም ሆኖ ከንዴቷ ሥር ሌላ ነገር ይቆረቁራት ጀመር። ይህ መጽሐፍ እሱ ጋ እንዴት ደረሰ? ለምንስ ይህንን መረጠ? መጽሐፉን ወርውራ መገላገል ስትችል እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበችው። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ፣ አንድ እግሯን የመርከቡ መሰላል ላይ አድርጋ፣ ልሂድ አልሂድ እያለች ቆማለች። የሶሲና ቢላዋ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮንቴይነሩ ሲከፈት ኢልሃን በር ላይ ነበረች። «ይህን መጽሐፍ ከእኔ በፊት ማን ነው የወሰደው?»

«ስንቱን ላስታውስልሽ!» አለች ሶሲና። ቀጥላ ግን ሳቅ አላት። «አንድ የባጃጅ ልጅ ብቻ አይረሳኝም። የመጀመሪያውን ክፍል ሦስቴ ነው የተከራየው፤ በቃሉ ይለዋል። ሁለተኛውን አንዲት የባንክ ሠራተኛ ይዛብኝ ሥራ ተቀይራ አገሯ ገብታለች። ልጁ በየቀኑ ባጃጁን አቁሞ ‹መጣ?› ይለኛል። ‹አልመጣም› እለዋለሁ። አንድ ቀን ‹እንግዲህ እዚያው ሄጄ አየዋለሁ› አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ስቄ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲያ አይቼው አላውቅም። ሁለተኛው ክፍል እሱ በሄደ በዓመቱ በአውቶቡስ ተላከልኝ።»

ኢልሃን የባጃጁ ልጅ ራሺድ መሆኑን አወቀች። ልትሰድበው የሰበሰበችው ስድብ ሁሉ ሆዷ ውስጥ ሟሟ፤ ከዚያ ደግሞ በመሟሟቱ ተናደደች። ለሰው ያዘነ እሺ ይላል፤ እሺ ማለት ደግሞ ዓርብ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል መለሰችና ሁለተኛውን ወሰደች።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሳል ይዞት ሲመጣ «አንዴ ቆይ፣ አንዴ» እያለች አነበበች። ልጅቷ መርከቡ ላይ ወጣች። ማርሴይ ደረሰች፤ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ ሎሚዋን አጠጣች። አንድ ቀን ግን አንድ የማታውቀው ሰው በራሱ ቁልፍ በሩን ከፍቶ ገባ። የቤቱ ባለቤት ነው። የእሷ ሰው ለካ ዘበኛ ኖሯል። ባለቤቱ አገር ውስጥ በሌለበት ነው ቤቱን የእኔ ነው ሲል የከረመው፤ የራሱ መኝታ ከሥር፣ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ደም ፈሰሰ፤ ፖሊስ መጣ። ልጅቷ ዘመድ በሌለበት አገር፣ በማታውቀው ቋንቋ እየተጠየቀች ቀረች። ራሺድ ምስኪኑ ሙሉ ፍቅር ነው ብሎ የያዘው መጽሐፍ ልብ አንጠልጣይ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎታል። «ነገ ነው እኮ!» አላት።

«ነገ ነው» አለች ኢልሃን። «ሎሚዋ እንዴት ናት?»

«አብባለች።»

«ዳቦ ጋጋሪውስ?»

«ደህና ነው፣ ዛሬም በነፃ ሰጠኝ።»

«ምድር ቤቱስ?»

«የምን ምድር ቤት?»

«ከሥር ያለው፣ ሰውየው የሚተኛበት። ራሺድ፣ ሁለተኛውን ክፍል አንብቤዋለሁ።»

ከጀርባው መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ጢጥ ጢጥ ሲል፣ ሰዎች በዓረብኛ ሲጯጯሁ ይሰማታል። አሁን ኔትወርኩ ይቆረጣል ብላ ጠበቀች። አልተቆረጠም።

«ሶሲና አገኘችው?» አለ በቀጭኑ። ቀጥሎ ደግሞ «መርከቡ ላይ ወጣች?» አለ።

ኢልሃን ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡባት። ይህ ሰው በሊቢያ በረሃ ሲጓዝ፣ ባሕር ሲሻገር፣ ይህችን ልጅ መሰላሉ ላይ እንዳቆማት ይዟት ነው የከረመው! እንዲያም ሆኖ አልለቀቀችውም። «መጀመሪያ አንተ ንገረኝ» አለችው። «የት ነው የምትኖረው?»

ነገራት። ቀን ቀን አትክልት ተራ ካርቶን ያወርዳል። የሚያድረው መጋዘን ጀርባ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ነጩ ግድግዳ የመጋዘኑ ማቀዝቀዣ ነው። ወረቀቱ ገና እየታየ ነው፤ ዘንድሮ ይሰጡኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ለእናቱም፣ ለአክስቱም፣ ለማንም ነግሮ አያውቅም። «ሰው ፈረንሳይ ምን ይመስላል ሲለኝ የማውቀው ቆንጆ ፈረንሳይ የመጽሐፉ ብቻ ነበር» አላት።

«ከክፍልህ መስኮት ምን ይታያል?»

«መስኮት የለውም፣ ወላሂ።»

ወራት ሙሉ ካወራላት ሁሉ ኢልሃን ሙሉ በሙሉ ያመነችው ይህንን ነበር። ልጁ የሁለተኛውን ክፍል አንድ ገጽ ሳያነብ እየኖረበት ነው። አሁን እወደዋለሁ ከማለት ይልቅ አውቀዋለሁ ማለት ትችላለች፤ ይህ ደግሞ አስደሰታትም አስፈራትም።

«ታዲያ ወጣች?» አለ እንደገና።

«ነገ እነግርሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ መጡ። የራሺድ አጎት ሱጉሌ ጢሙን በሂና አቅልቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ መሐል ተቀምጧል። ሻዩ በወተት ተቀዳ፤ ሐልዋው ቀረበ፤ ዱዓ ተደረገ። ራሺድም ከማርሴይ በስልክ ገባና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ስልኩ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ኢልሃን ከመጋረጃው ወዲያ ከእናቷ ጋር ናት። እናቷ እጇን ጭብጥ አድርጋ ይዛታለች፤ ሴትዮዋ በደስታ ሰምጣ ነበርና ልጇን የሚያልባት ከእፍረት መስሏታል።

«እንግዲህ ልጃችን ቃሏን ትስጠን» አለ ሱጉሌ። «ከዚያ በፊት ግን ራሺድ፣ የምትለው ካለህ።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለ ስልኩ። «ኢልሃን፣ ልጅቷ መርከቡ ላይ ወጣች?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «የምን መርከብ? የትኛዋ ልጅ?» አለ ሱጉሌ። አንዱማ ልጁ እዚያ አገር የማይሆን ነገር መጠጣት ጀመረ እንዴ ብሎ ጎረቤቱን ጎሸመው። እናቷ ወደ ኢልሃን ዞረች፤ ፊቷ ሁሉ ጥያቄ ሆኗል።

ሁለተኛው ክፍል በኢልሃን ቦርሳ ውስጥ ነበር። ምን እንደተጻፈበት እሷ ብቻ ናት የምታውቀው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ሊያስተባብላት የሚችል ሰው የለም፤ ሶሲና እንኳ መናኸሪያ ናት። እጇን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች።

«አልወጣችም» አለች ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ወረቀቱን ሲያገኝ እሱ ራሱ መጣ።»

ሱጉሌ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ምንጣፉ ላይ ያለው ስልክ ተቆርጧል ብሎ አንዱ ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ ራሺድ በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማ።

«ይመጣላ» አለ።